የመሣሪያ መግለጫ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከአንኮበር ገደል አፋፍ እስከ ጠባሴ፣ ከአልዩ አምባ ገበያ እስከ በሬሳ ወንዝ ማዶ ያለህ ኮድ ጸሐፊ ሁሉ፣ ላፕቶፕህን እጠፍና ጆሮህን ስጥ። ነጋሪቱ በውሰት የመጣ ስለሆነ ቶሎ እንጨርሳለን።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቀምጦ ማውራቱን ትቶ «ኤጀንት» በሚል ማዕረግ መላላክ በመጀመሩ፤ ኤጀንቱም ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል ታዛዥ ቢሆንም የሚላክበትን መሣሪያ ሆድ ዕቃ፣ ማለትም ኮዱን፣ ስለማያይ፤ የሚያየው የመሣሪያውን ስም፣ ጥቂት መስመር መግለጫና የሚሞሉ ክፍት ቦታዎችን ብቻ በመሆኑ፤ አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን መገናኛ ደንብ ካወጣ ወዲህ መሣሪያው እንደ ክረምት እንጉዳይ ስለፈላ፤ መግለጫ መጻፍ ግን ሁሉንም ስለታከተው፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የመሣሪያ መግለጫ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም አንቀየምም።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ
የቃሉ አግባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ሰዓት» ማለት የማን ሰዓት እንደሆነ ይነገር። የአዋጁ አርቃቂ ባለፈው ጥር ወደ አንኮበር ሊሄድ ፈልጎ አንዱን ኤጀንት «ነገ 2 ሰዓት ቀስቅሰኝ» አለው። ደወሉ ጮኸ። አርቃቂው በጨለማ ጫማውን አጥልቆ፣ ውርጩን እየረገጠ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ደረሰ። በሩ ዝግ ነው። ዘበኛው ከጋቢያቸው ውስጥ ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብህ?» አሉት። ለካ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ፈረንጅ 2 ሰዓት የሚለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን በዚያች ሌሊት እንደ እርሱ ያወቀ የለም። ቤቱ ተመልሶ የመሣሪያውን መግለጫ ሲከፍት የተጻፈው «ሰዓት፦ ቁጥር ያስገቡ» ብቻ ነበር። ኤጀንቱ ምን አጠፋ? ቁጥር አስገባ።
«ቀን»ም እንዲሁ። 03/04/2017 ለእኛ ታኅሣሥ 3 ነው፤ ለእንግሊዝ ኤፕሪል 3፣ ለአሜሪካ ማርች 4፤ ያውም የእነርሱ 2017 ካለፈ ከርሟል። ጳጉሜን የማያውቅ መሣሪያ ይህንኑ አስቀድሞ ይናዘዝ።

አንቀጽ 3። ስለ ስም
የቤተሰብ ስም ግዴታ የሆነበት ቅጽ ከእኛ አገር ሰው ጋር ሲገናኝ ኤጀንቱ ከየትም ብሎ ይሞላዋል። የአባት ስም ከሆነ የአባት፣ የአያት ከሆነ የአያት ተብሎ ይጻፍ።

አንቀጽ 4። ስለ ጣሳ
ጠላ የሚሸጥ ቤት በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍቶ በሩ ላይ ያቆማል። ጠላ አለ ማለት ነው። «በሸዋ ምድር ተወዳዳሪ የሌለው» የሚል የለበትም፤ ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል። መግለጫ ማለት ይኸው ነው። ኮዱ ተቀይሮ መግለጫው የአምናው የሆነበት ሁሉ ጣሳውን ያውርድ። በመግለጫው የሚፎክርም ይከልከል፤ ኤጀንቱ የዋህ ነው፣ ፉከራ ያታልለዋል።

አንቀጽ 17። ስለ «ይቻላል» እና «ግዴታ»
ከ4 ወደ 17 የዘለልነው ቆጠራ ጠፍቶን አይደለም። አንጎለላ የተወለዱት፣ አንኮበር ተቀምጠው ሸዋን የገዙት ዳግማዊ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ፣ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የኢጣልያን መንግሥት አጋዥ ማድረግ ይቻላቸዋል ይላል አማርኛው። ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። አንድ ክፍት ቦታ፣ ሁለት መግለጫ። ነገሩ የተቋጨው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው። ስለዚህ የትኛው ክፍት ቦታ ቢተው እንደሚፈቀድ፣ የትኛው ካልተሞላ እንደማይሆን ሳይለይ መሣሪያ የሚያቀርብ ሰው ታሪክ አላነበበም።

አንቀጽ 18። ስለ ምዘና
የራሱን ጠላ ቀምሶ «ግሩም ነው» የሚል ጠማቂ ምስክርነቱ አይያዝም። መግለጫ የሚመዘነው ኤጀንቱን ሥራ ልኮ ነው። ትእዛዙም ሰው እንደሚናገረው ይሁን፦ «ለጥምቀት እናቴ ዘንድ መድረስ አለብኝ» እንጂ የመግለጫውን ቃል መልሶ እንደማንበብ አይሁን። አንዱ ትእዛዝ ተደጋግሞ ይሰጥ፤ ሞዴል ዛሬ ያደረገውን ነገ ላይደግም ይችላልና። ከዚያ ይታይ፦ ከሚመሳሰሉት መሣሪያዎች ተገቢውን መረጠ? ክፍት ቦታውን በትክክል ሞላ? የሚሆን መሣሪያ ሲያጣስ «የለም» አለ ወይስ ያገኘውን ጎተተ? ሲሳሳት ኮዱ ሳይነካ መግለጫው ብቻ ይታረምና ፈተናው ይደገም።
ግልጽ ይሁን ብሎ መጽሐፍ የሚያህል መግለጫ መጻፍም ክልክል ነው። መሣሪያው ባይነካም መግለጫው የኤጀንቱን ቦታ ይይዛል፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ዘንድ ፊደላችን ከእንግሊዝኛው የበለጠ ቶክን ስለሚበላ፣ በአማርኛ የሚጽፍ በእጥፍ ይቆጥብ።

አንቀጽ 19። ቅጣት
ይህን የተላለፈ በጥር ወር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ መናኸሪያው በር ላይ ያለ ጋቢ ይቆማል። ለዘበኛው መልስ የሚሰጠውም ራሱ ነው።

አንቀጽ 20። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ነጋሪቱ ከተመታበት ቀን ጀምሮ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የጸና ይሆናል።

ነጋሪቱ ለባለቤቱ ተመልሷል።