ዘጠና ኩንታል በሸራ

የካሊፎርኒያ የባሕር ሰዎች ዌስትሴይል 32 የምትባለውን ጀልባ «ዌትስኔይል» ይሏታል፤ እርጥብ ቀንድ አውጣ እንደ ማለት ነው። አንዴ የወጣ ቅጽል ስም እስከ መቃብር ይከተላልና፣ ጀልባዋን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ፣ ሸራን ከአንሶላ የማይለዩ ሳይቀሩ «እሷማ የት ትሄዳለች!» ይላሉ። መልኳም አላገዛትም። ከፊትም ከኋላም ሹል፣ መሐሏ ደንደን ያለ፣ ከአፍንጫዋ ረዥም ግንድ ያወጣች፣ 32 ጫማ የምትረዝም፣ ለ10 ሜትር ጥቂት የቀራት ጀልባ ናት። ክብደቷ 20,000 ፓውንድ ይጠጋል፤ በእኛ ሚዛን 90 ኩንታል መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ 32 ኩንታል ያህሉ እንዳትገለበጥ ሲባል ብቻ ሆዷ ሥር የተቀበረ ነው። በዚሁ ርዝመት የሚሠሩ ብዙ ጀልባዎች ጠቅላላ ክብደታቸው የእሷን ግማሽ ቢያህል ነው። እንግዲህ ቅጽል ስሙ ሐሰት ነው ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። ጀልባዋ የተዳኘችው ባልተመዘገበችበት ውድድር ነው፣ የተመዘነችውም ባዶዋን ነው ብዬ ግን እከራከራለሁ።

ዘሯ ሲቆጠር ኖርዌይ ይደርሳል። ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ላርቪክ ላይ የተወለደው ኮሊን አርቸር፣ አሳሹ ፍሪትዮፍ ናንሰን በበረዶ ታስሮ ወደ ሰሜን ዋልታ የተንሳፈፈባትን መርከብ «ፍራም»ን የነደፈ ሰው ነው። በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ በራሱ ስም የተጠራች የነፍስ አድን ጀልባ ሠራ። የዚህች ጀልባ ሥራ፣ ማዕበል ተነሥቶ ሌላው ሁሉ ወደ ወደብ ሲሸሽ እሷ ከወደብ ወጥታ ዓሣ አጥማጆቹን ጎትታ ማምጣት ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ሙያ የሚፈለገው መድረስና መመለስ ነው፤ የሰዓቱ ጉዳይ በኋላ ይታያል። በ1920ዎቹ አሜሪካዊው ዊልያም አትኪን ይህንኑ ቅርጽ ወደ 32 ጫማ አሳንሶ «ኤሪክ» አለው። ቦምቤይ ላይ በቲክ እንጨት የተሠራች አንዲት የኤሪክ ልጅ «ሱሃይሊ» ተባለች፤ ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን በእሷ ጁን 1968 ከእንግሊዝ ፋልማውዝ ተነሥቶ ኤፕሪል 1969 እዚያው ሲመለስ፣ ብቻውን የትም ሳያርፍ ዓለምን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። 312 ቀን ፈጀበት። መንገዱ 30,000 የባሕር ማይል ያህል ነውና አማካይ ፍጥነቱ 4 ኖት፣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ታክሲ ሊያመልጠው የተቃረበ ሰው በእግሩ ይደርስበታል። ሆኖም በውድድሩ ከተነሡት 9 ሰዎች የደረሰ እሱ ብቻ ነው። በፍጥነታቸው ከተመኩባቸው ባለ ሦስት ቀፎ ጀልባዎች አንዷ፣ «ቪክትረስ»፣ ጉዞው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከአቅሟ በላይ ተገፍታ አዞረስ ደሴቶች አጠገብ ሰጠመች። የዌስትሴይል ሻጋታ የወጣው ከዚሁ ከኤሪክ ነው፤ ዊልያም ክሪሎክ ለፋይበር ግላስ አስማማው፣ የመጀመሪያው ፋብሪካ ከሰረ፣ በ1971 አንድ ባልና ሚስት ሻጋታውን በሐራጅ ገዙት። ከ800 በላይ ቀፎ ከወጣ በኋላ ይህም ፋብሪካ በተራው ከሰረ። ጀልባዋ በቀላሉ የማትሰጥም ብትሆንም ፋብሪካዎቿ ግን ሁሉም ሰጥመዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ነዳፊዎች አንዲትን ጀልባ ውሃ ሳትነካ በወረቀት የሚመረምሩባቸው ስሌቶች አሏቸው። አንደኛው የፍጥነት ጣሪያዋን ይናገራል፦ ጀልባ ስትሄድ የራሷን ማዕበል ትፈጥራለች፤ ማዕበሉ ውሃ ላይ ያረፈውን ርዝመቷን ሲያክል፣ ራሷ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ ትቀራለች። የዌስትሴይል ውሃ የሚነካ ርዝመት 27 ጫማ ተኩል ስለሆነ ጣሪያዋ 7 ኖት ነው። ሐሜተኞቿ እዚህ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ያልፋሉ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር የለምና፣ 24 ጫማ ብቻ ውሃ የምትነካ ቀላል ጀልባ ጣሪያዋ 6 ኖት ተኩል ላይ ያበቃል። በእርግጥ በጣም ቀላል የሆነች ጀልባ ማዕበል ላይ ተንሸራታ ጣሪያውን ትጥሳለች፤ 90 ኩንታል ግን የማንንም ጣሪያ አይጥስም። ሁለተኛው ስሌት ክብደትን ከርዝመት ጋር ያመዛዝናል፤ ከ350 በላይ ያገኘ ሁሉ «እጅግ ከባድ» ተብሎ ሲመደብ፣ የእኛዋ 430 አካባቢ ታገኛለች። ሦስተኛው የሸራ ስፋት ከክብደት አንጻር ነው፤ የተለመዱ የረዥም ጉዞ ጀልባዎች ከ15 እስከ 18 ሲያመጡ፣ እሷ በ629 ካሬ ጫማ ሸራዋ 14 እንኳ አትሞላም። ወረቀቱ ፈርዶባታል።

ፍርዱ እውነት የሚሆንበትን ቦታ ሳልሸሽግ ልናገር። ነፋሱ ከ6 ኖት የማይበልጥበት፣ የትናንት ማዕበል ግን ገና ያልተኛበት ከሰዓት በኋላ ይታሰብ። ጀልባዋ ወደ ግራ ትጋደማለች፣ ሸራው ነፋሱን ያራግፋል፣ የሸራው አግዳሚ እንጨት በሰው ራስ ከፍታ አልፎ በገመዱ ጫፍ ቀጭ ይላል፤ ወደ ቀኝ ትጋደማለች፣ ያው ይደገማል። ከሆዷ በታች ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው ረዥም ኪል ብዙ ውሃ ስለሚዳብስ ፍትጊያው ቀላል አይደለም፤ ያንን ሁሉ ለማንቀሳቀስ ደግሞ ሸራዋ ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ ከጎኗ ቀጭን ኪል ያላት ዘመናይ ጀልባ ድምፅ ሳታሰማ ታልፋታለች፤ ነጂዋም እጁን ያውለበልባል፣ ይህ ደግሞ ከመቀደሙ ይብሳል። ወደ ነፋሱ አፍንጫ በመሄድም ቢሆን አትታማም አይባልም፤ ሌላው ዚግዛግ እየሠራ በሁለት እጥፋት የሚደርስበት እሷን አንድ ተጨማሪ እጥፋት ያስጠይቃታል። በሞተር የኋልዮሽ መሄድን በተመለከተ ባለቤቶቿ መሪውን ወደፈለጉበት ያዞራሉ፣ እሷም ወደፈለገችበት ትሄዳለች። በዚህ ላይ የወደብ ኪራይ በርዝመት ሲሰላ፣ ከፊትና ከኋላ በወጡት ግንዶች ምክንያት 32 ጫማ የተባለችው ጀልባ ደረሰኙ ላይ ወደ 40 ትጠጋለች። እሑድ እሑድ ለሁለት ሰዓት ወጥቶ ለምሳ የሚመለስ ሰው ዌስትሴይል ከገዛ፣ በቅጽል ስሟ ማንንም የመውቀስ መብት የለውም።

ነገር ግን ይህች ጀልባ ለምሳ የምትመለስ አይደለችም። ሁለት ሰዎች ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ይጫኑ እንበል። በቀን 4፣ 4 ሊትር ውሃ ለ40 ቀን ሲታሰብ 320 ኪሎ ነው። ናፍጣው፣ ዱቄቱ፣ ሩዙ፣ ቆርቆሮው፣ መለዋወጫው፣ ትርፍ ሸራው፣ ሦስት መልሕቅ ከነሰንሰለቱ፣ መጻሕፍቱ፣ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ የገባው ሁሉ ሲደመር ወደ 15 ኩንታል ቢደርስ የሚገርም አይደለም። 43 ኩንታል የምትመዝን ጀልባ ላይ ይህ ከሲሦ በላይ ጭማሪ ነው። መደብሩ ውስጥ የታየው ያ ውብ ቁጥሯ ተበላሸ፤ ቀፎዋ ከተነደፈበት መስመር ወርዶ ተቀመጠ፤ ሸራዋ ግን ያው ነው። ዌስትሴይል ላይ የተጫነው ይኸው 15 ኩንታል ስድስተኛዋ ብቻ ነው፤ መጫኗንም የምታውቅ አትመስልም። ሁለቱን በወረቀት ያነጻጸርናቸው ባዶ ሳሉ ነው፤ ውቅያኖስ ላይ የሚገናኙት ግን ተጭነው ነው። የጊዜውንም ልዩነት ገንዘብ እንደሚቆጥር ሰው እንቁጠረው። ከካሊፎርኒያ ሃዋይ 2,100 የባሕር ማይል ያህል ነው። በአማካይ 6 ኖት የምትሄድ በ14 ቀን ተኩል፣ 5 ኖት የምትሄድ በ17 ቀን ተኩል ትገባለች። ክርክሩ ሁሉ ስለ ሦስት ቀን ነው ማለት ነው። ሥራውን ለቆ፣ ቤቱን ሸጦ፣ ዘመዱን ተሰናብቶ ዓለም ሊያይ የወጣ ሰው ለየትኛው ስብሰባ ነው ሦስት ቀን የሚቸኩለው? ደርሶም ቢሆን ወደብ ላይ ሁለት ወር ተቀምጦ የውሃ ፓምፕ ሊጠግን ነው።

ሌላም ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ነገር አለ፤ ሰዎቹ። ነዳፊው ቴድ ብሩወር የጀልባ እንቅስቃሴ ሰውን ምን ያህል እንደሚያንገላታ የሚለካ ቀመር አውጥቷል፤ ሲያወጣው ግማሽ በቀልድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ ዓለም ግን አምርሮ ተቀበለው። በዚህ ቀመር ዌስትሴይል 44 ገደማ ስታገኝ፣ በርዝመት የምትተካከላት የእንግሊዟ ኮንቴሳ 32 ግን 28 እንኳ አትሞላም። ቀልዱን ቀልድ ብለን ብንተወውም ፍሬ ነገሩ ይቀራል፦ ከባድ ጀልባ ማዕበል ሲመታት ቀስ ብላ ትነሣለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ወጥ ሠሪው ድስቱን ይዞ መቆም ይችላል፤ ተረኛው ይተኛል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሸራ በጊዜው ይቀንሳል፣ በጊዜው ይዘረጋል። ፈጣኗ ጀልባ ውስጥ ሦስት ቀን ያስታወከው ሠራተኛ ሸራውን ሌሊቱን ሙሉ ግማሽ አድርጎ ሲያድር፣ ያ የወረቀት ፍጥነት የት ሄደ? ከተወራባትም ነገር ብዙው የንድፉ ኃጢአት አይደለም። ከቀፎዎቹ ግማሽ ያህሉ የተሸጡት ባዶአቸውን፣ ገዢው በግቢው ውስጥ ራሱ እንዲጨርሳቸው ነው። አናጢነት በማታ የሚማር ሰው ጥርጣሬ በገባው ቁጥር እንጨቱን ያወፍራል፤ ሲጨርስ ገንዘቡ አልቆ ሸራውን ያገለገለ ይገዛል፤ ከታች ደግሞ ትልቅ ባለ ሦስት ምላስ የሞተር ማሽከርከሪያ (ፕሮፔለር) እየጎተተ «ይቺ ጀልባ አትሄድም» ይላል። በ1988 ከሳን ፍራንሲስኮ ሃዋይ በሚደረገው የፓሲፊክ ካፕ ውድድር፣ ሆዷ የጸዳ፣ ሸራዋ ደህና የሆነ አንዲት ዌስትሴይል 32 የጀልባዎቹን የፍጥነት ልዩነት በሚያካክስ ሰዓት ስትሰላ ብዙ ፈጣን የተባሉትን አስከትላለች። መንገዱ ነፋስ ከኋላ የሚገፋበት ስለሆነ አደላላት ቢባል እቀበላለሁ፤ ዓለምን የሚዞሩትም ቢሆኑ ያንኑ መንገድ ነው የሚመርጡት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የኮንቴሳ 32 ነው። በኦገስት 1979 በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በፋስትኔት ውድድር 303 ጀልባዎች ተነሥተው ማዕበል መታቸው፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ከትንንሾቹ ምድብ 58 ተነሥተው የደረሰችው አንዲት ብቻ ስትሆን፣ እሷም «አሴንት» የተባለች ኮንቴሳ 32 ናት፤ ክብደቷ የዌስትሴይል ግማሽ ያህል፣ 43 ኩንታል! ታዲያ ደህንነት በግማሽ ዋጋ ከተገኘ 90 ኩንታል መጎተቱ ለምን? መልካም ጥያቄ ነው፤ «ከባድ ሁሉ ደግ፣ ቀላል ሁሉ ክፉ» ለሚሉ የዌስትሴይል አምላኪዎች የሚበቃ መልስም ነው። ኮንቴሳን ያዳናት ጠበብ ያለ ወገቧና ከክብደቷ ግማሽ የሚጠጋው ታች መሆኑ ነው፤ ከዚያ አደጋ በኋላ የወጣው የመገልበጥ ቀመርም የሚለካው ስፋትን ከክብደት አንጻር ነው። ከ2 በታች መሆን ይገባል፤ ዌስትሴይል 1.6 ናት። ሁለቱም ፈተናውን ያልፋሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ኮንቴሳ ውስጥ ቀና ብሎ ለመቆም አጭር መሆን፣ ለመኖር ደግሞ ጥቂት ዕቃ ያለው ሰው መሆን ያሻል። መነኩሴ ከሆኑ ኮንቴሳን ይግዙ፤ ትዳር ካለዎት ክብደቱን ይቀበሉ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ሲኒማ ነው። በኦክቶበር 1991 መጨረሻ፣ በኋላ «ፐርፌክት ስቶርም» ተብሎ መጽሐፍና ፊልም በሆነው ማዕበል ውስጥ «ሳቶሪ» የተባለች ዌስትሴይል 32 ነበረች፤ ሰዎቿም በአሜሪካ የባሕር ዳር ጠባቂ ሄሊኮፕተር ተነሡ። «አያችሁ፣ እሷም ተተወች» ይባላል። አዎን፣ ተትታለች። ከተሳፋሪዎቹ የድረሱልን ጥሪ ተላልፏል፤ ባለቤቱ መውረድ ባይፈልግም ታዝዞ ወረደ፤ በዚያ ማዕበል ውስጥ ፈርቶ ሄሊኮፕተር የተሳፈረን ሰው ሞኝ የሚል እሱ ራሱ ሞኝ ነው። በፋስትኔትም ሰዎች ከተዉአቸው 24 ጀልባዎች የሰጠሙት 5 ብቻ ናቸው፤ ሰው ከጀልባው ቀድሞ ተስፋ መቁረጡ የተለመደ ነው። «ሳቶሪ»ም መሪዋን የሚይዝ፣ ሸራዋን የሚያጥፍ ሰው ሳይኖር ማዕበሉን ብቻዋን ጨርሳ፣ ከቀናት በኋላ ሜሪላንድ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ተገኘች። ከአሸዋው ተስባ ወጥታ እንደገና ሸራ ዘርግታለች። ያን ሁሉ መንገድ በስንት ኖት እንደሄደች የለካ ስለሌለ፣ ሐሜተኞቿ ስለዚህኛው ጉዞዋ እስካሁን ያሉት ነገር የለም።