«ፕላኔት ጃፓን» ከሙስካት ስትታይ

በአረብኛ ተናጋሪዎች የማኅበራዊ ሚዲያ ቀልድ ውስጥ ጃፓን እንደሌሎቹ አገር ተብላ አትጠራም፤ ስሟ «ኮውከብ አል-ያባን»፣ ማለትም ፕላኔት ጃፓን ነው። በኦማን ዋና ከተማ በሙስካት ከሩዊ እስከ ሲብ በየስልኩ የሚዘዋወረው ይህ ስያሜ ለሳቅ ይዋል እንጂ የራሱ ደንብ አለው፤ ከሰው ልጅ የማይጠበቅ ጨዋነት ከወደ ጃፓን ሲሰማ፣ ለምሳሌ በ2017 እ.ኤ.አ. እንደሆነው የጹኩባ ኤክስፕረስ ባቡር ቶኪዮ አቅራቢያ ካለ ጣቢያ 20 ሰከንድ ቀድሞ በመነሣቱ ኩባንያው ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ወሬውን የሚያጋራው ሰው ከሥሩ ሁለቱን ቃላት ብቻ ጽፎ ያልፋል፤ ማብራሪያ መጨመር ጨዋታ እንዳለማወቅ ይቆጠራል።

የስያሜው ዝና ብዙ ጊዜ የሚያያዘው የሳዑዲው አሕመድ አል-ሹጌይሪ በየረመዳኑ ያቀርበው ከነበረው «ኸዋጢር» ከተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ጋር ነው፤ የ2009ኙ ዝግጅት ስለ ጃፓን ሲሆን፣ ከማፍጠሪያው ማዕድ አጠገብ ቴምር ይዞ ለተቀመጠው ተመልካች የትምህርት ቤት ልጆች ክፍላቸውን ራሳቸው ሲያጸዱ አሳይቶ እጁን አፉ ላይ አስጭኖታል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የዚህን አድናቆት ምንጭ ለመረዳት ይቸገራል፤ የጽዳት ተራ ደርሶት ከዴስክ ሥር አቧራ ያልቃመ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም፤ ሆኖም እስካሁን አገሩን ፕላኔት ብሎ የጠራለት የለም።

ይበልጥ የሚያስቀው ቀልዱ በሙስካት መነገሩ ነው። ሙስካት ራሷ ከአረብ ከተሞች መካከል በጽዳቷ የምትመሰገን፣ ሕንጻዎቿ ነጭና ነጣ ያለ ቀለም እንዲለብሱና ወደ ሰማይ እንዳይንጠራሩ የተገደቡባት፣ መኪናውን ሳያጥብ የሚነዳ ሰው እንኳ ቅጣት ይጠብቀዋል የሚባልባት ከተማ ናት፤ ታጥቦ በወጣ ላንድክሩዘር ተቀምጦ በሱልጣን ቃቡስ ጎዳና እያለፈ የጃፓንን ንጽሕና እንደ ሌላ ዓለም ተአምር የሚተርክ ሰው፣ የተቀመጠበት መኪና ከዚያችው ፕላኔት መምጣቱን፣ የሚያየውም ጎዳና ከእሷ የሚያንስ አለመሆኑን ልብ አላለም። እንግዲህ ቀልዱ ስለ ጃፓን የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ዋና ሥራው የቢሮውን ሰልፍ፣ የፈረሰውን ቀጠሮና የራስን ወገን ስንፍና በጨዋ ቋንቋ መሸንቆጥ ነው። ጃፓን አገር ብትባል «ታዲያ እኛስ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ፕላኔት ስትባል ግን ከማርስ ጋር የሚወዳደር ስለሌለ ሁሉም በሰላም ይተኛል።

ይህች ፕላኔት የሙስካት ቤተ መንግሥት አማች መሆኗን ቀልደኞቹ አያነሡትም። በ1932 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጃቸው ለሰዒድ የለቀቁት ሱልጣን ተይሙር ቢን ፈይሰል በ1936 ኮቤ ላይ ኪዮኮ ኦያማ የተባለች ጃፓናዊት አግብተው በማግሥቱ ዓመት ቡሰይና የተባለች ልጅ ወልደዋል፤ ስለዚህም የሰዒድ ልጅ የሆኑት የሱልጣን ቃቡስ አንዲት አክስት ከጃፓናዊት እናት የተወለዱ ናቸው። ኢትዮጵያም ለጥቂት ነው ያመለጣት፤ በ1931 ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ጃፓን ደርሰው የተመለሱት ልጅ አርአያ አበበ ከጃፓናዊቷ ማሳኮ ኩሮዳ ጋር ሊፈጽሙት የታሰበው ጋብቻ በ1934 የዓለም ወሬ ከሆነ በኋላ ቀረ። ሠርጉ ቢሰምር ኖሮ የአዲስ አበባ ቀልደኛ ዛሬ የሚያላግጠው በፕላኔት ሳይሆን በአማት ነበር፤ ይህም የበለጠ ቁሳቁስ ይሰጠው ነበር።

ከ«ኸዋጢር» አስቀድሞ ጃፓንን ወደ ሙስካት ሳሎን ያስገባት አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን የካርቱን ፊልም ነው። «ግሬንዳይዘር» የተባለው ግዙፍ ሮቦት የአሁኖቹን አባቶች ያሳደገ ሲሆን፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ስፔስቱን የተሰኘው የልጆች ጣቢያ ደግሞ ልጆቻቸውን ተረክቧል። የአረብኛ ቅጂዎቹ የሚናገሩት በፉስሃ፣ ማለትም በመጽሐፍና በዜና አረብኛ ነው፤ ፍቅረኛሞቹ በትርጉም ወንድምና እህት፣ መጠጡም ጭማቂ እየሆነ ያልፋል። በየቤቱ በሠራተኝነት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት አረብኛን ከማዳም ትእዛዝና ከልጆቹ ካርቱን እኩል ስለሚቀስሙት፣ ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ ባለሱቁን በጦር አዝማች ቋንቋ የምታናግር ብትገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

ከእነዚህ ካርቱኖች ሁሉ የቀልድ ማዕድን የሆነው «ካፒቴን ማጂድ» ነው። ጃፓኖች ጹባሳ የሚሉትና ዮይቺ ታካሃሺ በ1981 መሳል የጀመረው ይህ ልጅ፣ ኳስ ይዞ ወደ ግብ ሲሮጥ የልጅነት ትዝታውንና የባላጋራውን የልብ ሐሳብ ሳይቀር እያስጎበኘ ስለሚሄድ፣ ሜዳው የመሬትን ክብነት ተከትሎ የተሠራ ነው፣ የግቡም አግዳሚ ከአድማስ በታች ቀስ ብሎ ብቅ ይላል ይባላል። «ኮናን» የተባለው ሕፃን መርማሪም በሄደበት ሁሉ ሰው ስለሚሞት፣ ከእሱ ጋር ለሽርሽር የተጋበዘ አስቀድሞ ይናዘዝ የሚል ምክር ወጥቶለታል።

ሜዳው አጭር ሆኖ የተገኘበት ቀንም አለ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2021 ኦማን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጃፓንን በኦሳካው ሱይታ ስታዲየም ገጥሞ፣ ዒሳም አል-ሰብሒ በ88ኛው ደቂቃ ባስቆጠራት ግብ 1 ለ 0 ረታ፤ ፕላኔቲቱም ለሁለት ወር ተኩል ያህል ተራ አገር ሆና ቆየች። ማዕረጓን ያስመለሰችው ኖቬምበር 16 ቀን በሙስካቷ ቦውሸር በሚገኘው የሱልጣን ቃቡስ የስፖርት ማዕከል ጁንያ ኢቶ በ81ኛው ደቂቃ ባገባት ብቸኛ ግብ ነበር።

ጃፓኖች ስለ ራሳቸው የሚቀልዱት ግን በሌላ ጉዳይ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ወጣቶቹ አዘውትረው ይጠቀሙበት የነበረው «ኬዋይ» የተባለ አነጋገር «ኩኪ ዮሜናይ»፣ ማለትም አየሩን ማንበብ የማይችል ለማለት ያጠረ ሲሆን፣ ማንም ሳይነግረው መረዳት የሚገባውን ያልተረዳ ሰው የሚሰደብበት ነው። ሙስካት ላይ እንደ ፕላኔት ሥርዓት የሚደነቀው ጨዋነት ለባለቤቶቹ ቀኑን ሙሉ አየር ሲያነቡ መዋል መሆኑ ነው፤ ይህንን ደግሞ ይሉኝታን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ኢትዮጵያዊ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። «ጠግቤያለሁ» ያለውን እንግዳ በመጀመሪያው ቃሉ አምኖ «በሞቴ» ሳይል ገበታውን የሚያነሣ አስተናጋጅ ሙሉ ኬዋይ ነው። ኦማንም የራሷ ፈተና አላት፤ በቃኝ የሚል እንግዳ ሲኒውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ ማድረግ ስላለበት፣ ይህን ያላወቀው ኢትዮጵያዊ ቡናው በተቀዳለት ቁጥር በይሉኝታ እየጨለጠ፣ ቀጂውም ባዶ ሲኒ ባየ ቁጥር በጨዋነት እየሞላ፣ ሁለቱም ክፉ ሳያስቡ እንግዳው ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣል።

ከጃፓን ቀልድ ሁሉ ሳይተረጎም ሙስካት የገባው ኢሞጂ፣ ማለትም በጽሑፍ መካከል የሚገባው ትንሽ ሥዕል ነው። ሺጌታካ ኩሪታ በ1999 ለዶኮሞ የስልክ ኩባንያ 176 ያህሉን፣ እያንዳንዱን በ12 በ12 የነጥብ ፍርግርግ ሲነድፍ፣ ከሩዊ ወደ ደሴ የሚላክ የዋትስአፕ መልእክት አልታሰበውም። የተጋጠሙት ሁለት መዳፎች በጃፓን ይቅርታና ምስጋናን ሲያመለክቱ፣ ኢትዮጵያውያን አሜን አድርገዋቸዋል። ፈገግታ ያለው የዐይነ ምድር ክምር በጃፓንኛ የስሙ መነሻ ድምፅ ዕድል ከሚለው ቃል ጋር ስለሚገጥም የመልካም ገድ ምልክት ሲሆን፣ ለሌላው አገር ሕዝብ እንደየዋህነቱ መጠን ወይ ነውር ወይ የቸኮሌት አይስክሬም ነው። ሦስት የእንፋሎት መስመሮች የሚነሡበት ክብ ሥዕል ደግሞ ጃፓኖች ራቁታቸውን ገብተው የሚነከሩበት የፍል ውኃ መታጠቢያ ምልክት ነው፤ በሰንበት ጧት በቤተሰብ ቡድን ውስጥ «ኑ፣ ደርሷል» ከሚል ጽሑፍ ጋር ሲለጠፍ ግን፣ የንስሐ አባት ሳይቀሩ የጀበና ቡና መስሏቸው በአሜን መዳፍ ይመልሳሉ።