የእንቦሳው እናት

አዲስ ቤት የገባ ሰው «እንቦሳ እሰሩ» ተብሎ ይመረቃል። ምርቃቱ ደግ ነው፤ ስለ እንቦሳው እናት ግን ትንፍሽ አይልም። ከሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ቦዲቲ ዙሪያ፣ በዳሞት ጋሌ ቀበሌዎች፣ ይህ ዝምታ የጎን አጥንት ሊያስከፍል ይችላል። በወላይታ ገጠር ላም ደባል እንጂ ጎረቤት አይደለችማ! በባህላዊው ሣር ቤት ሰው በአንድ ወገን፣ ከብት በሌላው ወገን ያድራል። እበቷ ለጓሮው እንሰት፣ ወተቷ ለቅቤ፣ ትንፋሿ ለቤቱ ሙቀት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሕፃናት በሆዷ ሥር ሲሽሎከለኩ ዝም የምትል ላም፣ በወለደች ሌሊት የቤቱ ባለቤት እሷ ትሆናለች፤ አባወራው ተከራይ።

ላም 283 ቀን ገደማ ታረግዛለች። ነሐሴ ላይ ለምለም ሣር ጠግባ ኮርማ ያገኘች፣ ግንቦት ላይ ታምጣለች ማለት ነው። ቀኗ ሲደርስ ግቷ ይወጠራል፤ የጭራዋ ሥር ግራና ቀኙ ይላላል፤ ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ዞር ብላ ጎኗን ታያለች። በዚህ ሰዓት የምትሻው ብቻዋን መሆን ነው። እዚህ አገር ደግሞ ያማጠን ብቻውን መተው ነውር ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ፋኖስ ይይዛል፣ አንዱ ጭራ ይይዛል፣ ምንም ያልያዘው ምክር ይሰጣል። በጠባቡ ጋጣ ውስጥ ከላሟና ከግድግዳው መካከል የቆመው መካሪ፣ ላሟ ድንገት ብትነሣ የሚሄድበት የለውም።

ሜዳ ላይ ቢሆን ነገሩ ይቀልላል። ወላይታ መሬት የጠበበበትና ሰው የበዛበት አገር ስለሆነ ብዙው ላም በችካል ታስራ ትውላለች፤ ሣሩም ታጭዶ ይመጣላታል። የታሰረች ላም የምትደርስበት ወሰን ገመዷ ነው፤ ገመዱን በዓይን ለክቶ ከዚያ አልፎ መቆም ነው። ቤት ውስጥ ግን ገመዱም ይረዝማል፣ ግድግዳውም ይቀርባል።

ላም ዙሪያዋን አብዛኛውን ታያለች፤ ከጀርባዋ ቀጥታ ያለው ብቻ ነው የሚሰወርባት። በዚያ በኩል ድምፁን አጥፍቶ የመጣ የገዛ ጌታዋም ቢሆን ለእሷ ሌባ ነው። እግሯም ወደ ኋላ ብቻ አይራገጥም፤ ወደ ጎንና ወደ ፊትም ይደርሳል። ከመዋጋቷ በፊት ደግሞ ታስጠነቅቃለች፤ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፣ ታናፋለች፣ መሬት ትጭራለች፣ አንዳንዴም ትልቅነቷን ለማሳየት ጎኗን ሰጥታ ትቆማለች። የመጀመሪያዋን የምትወልድ ጊደር ከሆነች ምን እንደደረሰባት ራሷም አታውቅምና ጥንቃቄው ይብሳል።

የለመዱ እመቤት አገባቡን ያውቁበታል። በሩን ወለል አድርገው ይከፍታሉ፤ መሄጃ መንገድ ላይ የተጋደመውን ማጭድና በርጩማ ያነሣሉ፤ ከዚያ በጎን በኩል፣ ወደ ትከሻዋ፣ ስሟን እየጠሩ ይቀርባሉ። ጥጃው እናቱ ፊት ሆኖ እየላሰችው ነው የሚያልቧት፤ የሀገራችን ላም ጥጃዋን ካላየች ወተቷንም አትለቅም። በእሷና በጥጃው መካከል ግን አይቆሙም። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ስልኩን አውጥቶ «እትዬ፣ አንዴ ጥጃውን አቅፌ ፎቶ ልነሣ?» ቢላቸው መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ልጄ፣ ከእኔ ጋር ተነሣ፤ እኔ አልዋጋም።»

የፈረንጅ ላምም ያው ናት። ዓይነ ስውሩ የብሪታንያ የቀድሞ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ዴቪድ ብላንኬት በ2009 እ.ኤ.አ. በ62ኛ ልደታቸው ዕለት ከመሪ ውሻቸው ጋር ሲንሸራሸሩ ላም ጥላቸው የጎን አጥንታቸው ተሰብሯል። በኦስትሪያ ቲሮል በ2014 እ.ኤ.አ. ውሻ ይዛ የምትጓዝ ሴት ጥጃ ባላቸው ላሞች ተገድላ፣ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2020 ጥፋቱ ለገበሬውና ለተጓዧ እኩል ተካፍሏል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2003 እስከ 2008 በአራት ግዛቶች ከብት የገደላቸውን 21 ሰዎች ሲመረምር፣ ኮርማ ብቻውን 10፣ ላም ብቻዋን 6 ሰው ገድለው አግኝቷል። ኮርማን ሁሉም ይፈራል፤ ላምን የሚፈራት የለም፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው።

የቦዲቲ ውሻ ሊንሸራሸር አይመጣም፤ የሚጠብቀው የእንግዴ ልጁን ነው። መታሰር አለበት። የእንግዴ ልጁ ብዙ ጊዜ በ12 ሰዓት ውስጥ ይወርዳል፤ ቢዘገይ መጎተትም ድንጋይ ማንጠልጠልም ጉዳት ነው። በባዶ እጅም አይነካም። ብሩሴሎሲስ የሚባለው የውርጃ በሽታ በሽርት ውሃውና በእንግዴ ልጁ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ባልፈላ ወተትም እንዲሁ። ጓንት ማድረግ፣ በሳሙና መታጠብ፣ የወረደውን በጥልቁ መቅበር ነው። እንገሩን በተመለከተ ሕፃናቱ ኩባያ ይዘው ቢሰለፉም ተራው የጥጃው ነው፤ በሽታ መከላከያው ማሕፀን ውስጥ ሳለ ስለማይደርሰው፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ጠግቦ መጥባት አለበት።

የቡዳ ዓይን ይፈራል ተብሎ ጥጃን ከእንግዳ መሸሸግ በብዙ የሀገራችን ክፍል የቆየ ልማድ ነው። የተማረው ይስቅበታል። ሆኖም ልማዱ ባዕድ ሰው ከወለደች ላም እንዲርቅ ያደርጋል፤ የእንስሳት ሐኪምም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱ ቢያጠራጥርም ልማዱ ቢቀጥል አይከፋም።

ሁለት የፊት እግሮችና አፍንጫ ቀድመው ከታዩ ተዉአት፣ ራሷ ትወልዳለች። የሽርት ውሃው ፈስሶ፣ እያማጠች ሁለት ሰዓት ካለፈና ምንም ካልታየ ግን ጎረቤቱን ወደየቤቱ ሸኝታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ እስኪደርስም በሩን ክፍት ተዉት።