አረንጓዴዋ ብሎን

እንጀራ የሚጋገርበት የአሜሪካ ቤት ሁሉ አንድ ቀን ከኤሌክትሪክ ጋር መጣላቱ አይቀርም። እዚህ ተራው ሶኬት የሚሰጠው 120 ቮልት ነው፤ ከአገር ቤት የመጣ ምጣድ የለመደው ደግሞ 220። በስፖንጅና በጋቢ ተጠቅልሎ፣ «ሸክላ ነው፣ ቀስ!» እየተባለ ውቅያኖስ የተሻገረው የባለቤቴ ምጣድ መሰኪያው ተቀይሮ 120 ላይ ቢሰካ ጉልበቱ ሲሶ እንኳ አይሞላም። የእንጀራውን ዓይን ሲጠብቁ መሸበት ነው። መድኃኒቱ ግን ይታወቃል፦ ጥቁሩና ቀዩ ሽቦ እያንዳንዳቸው 120 ይዘው ይመጣሉ፤ በመካከላቸው 240 ይገኛል። አዲስ አበባ አንድ ፌዝ ብቻውን የሚሠራውን እዚህ ሁለቱ ተጋግዘው ይሠሩታል። እንዲያውም ይተርፋል። ለ220 የተሠራ ምጣድ 240 ሲያገኝ ኃይሉ በ19 በመቶ ገደማ ይጨምራልና፣ እንጀራ ባረረ ቁጥር ጥፋቱን በቮልቱ ማሳበብ ይቻላል ብዬ ለባለቤቴ ማምለጫ አዘጋጅቼላት ነበር። የእሷ እንጀራ እንደማያር ነገረችኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ያስገባት አንዲት ትንሽ ፓናል አለች። ጋራዥ ካለው ዋና ፓናል በ60 አምፔር ብሬከር ተነስተው አራት ሽቦዎች ይደርሷታል፦ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭና ልብስ ያልለበሰ መዳብ። ምጣዱ ከእሷ እንዲበላ ተወሰነ። ፈቃድ ወጣ፤ ኤሌክትሪሺያን የሆነው የእህቴ ልጅም ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዘ። ይህን የሰሙት ጋሼም መጡ። ጋሼን የጠራቸው ሰው የለም። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ቤት ለቤት እየዞሩ መብራት ሲያስገቡ የኖሩ ናቸው፤ ዛሬም ካቻቪቴ ካዩ እጃቸውን ይበላቸዋል።

የእኔ ድርሻ ባትሪ ማብራት ነበር። ባትሪ ያዥ ሁሉን ያያል፣ ሐሳቡን የሚጠይቀው ግን የለም። ለወግ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ሹመት አላውቅም።

ክዳኑ ሲነሳ የእህቴ ልጅ በአፉ «ም» አለ። ነጮቹና ራቁቶቹ ሽቦዎች አንድ የብረት ዘንግ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ብሎን ሥር ነጩና መዳቡ ተቃቅፈው ገብተዋል። ከዘንጉ ጫፍ ደግሞ አንዲት አረንጓዴ ብሎን ዘንጉን አልፋ የሣጥኑን የጀርባ ቆርቆሮ ነክሳለች።

«ይቺ መውጣት አለባት» አለ ልጁ።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ለምን ትወጣለች? ዋናው ፓናል ውስጥስ ነጩና ራቁቱ አብረው አይደሉም እንዴ?»

«አብረው ናቸው።»

«እዚያ ከተገናኙ እዚህ ቢገናኙ ምን ኃጢአት አለው?»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው የእኔም ነበር፤ ሹመቴ ስለማይፈቅድልኝ ነው ዝም ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጩ ሽቦ፣ ማለትም ኒውትራሉ፣ ጥቁሩ ያመጣውን ኮረንቲ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመልስ የዘወትር ሠራተኛ ነው። ራቁቱ መዳብ፣ ግራውንዱ፣ የክፉ ቀን ዘመድ ነው። በደህናው ቀን አንዳች አይሸከምም። ጥቁሩ ሽቦ ተልጦ የምጣዱን ብረት የነካ ለታ ግን ያን ሁሉ ኮረንቲ በአንዴ አፍሶ ዋናው ፓናል ያደርሰዋል፤ እዚያ ከነጩ ጋር ይገናኛል፤ ብሬከሩ ይወርዳል። መገናኛቸው እዚያ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቤዝመንት ውስጥ በድጋሚ ከተገናኙ ነጩ የሚመልሰው ሸክም ሁለት መንገድ ያገኝና ይከፈላል፤ የክፉ ቀን ዘመድ በየቀኑ ሸክም ይጫንበታል። ክፋቱ ደግሞ ድምፅ የለውም። ነጩ አንድ ቀን ቢላላ ወይም ቢበጠስ መብራቱ እንደወትሮው ይበራል፤ መዳቡ ለሁለት ይሠራል፤ ማንም አያውቅም። መዳቡ ደግሞ በተራው የላላ ዕለት ሣጥኑም፣ የምጣዱም እግር፣ ብረት ለባሹ ሁሉ ነዛሪ ይሆናል።

ጋሼ በወሬ አያምኑም። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ የባለቤቴን የፀጉር ማድረቂያ ቤዝመንቱ ሶኬት ላይ ሰክቶ አስጮኸው፤ የመለኪያውን መንጋጋ ከፍቶ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ራቁቱን መዳብ አስገባበት። ጥቁሩ ላይ 12 አምፔር። ምንም መሸከም የሌለበት መዳብ ላይ 3.4።

«ያ መሣሪያ ቻይና የተሠራ ነው?» አሉ ጋሼ።

ቀጥለው ወደ መሬቱ ዞሩ። ውጭ፣ ቆጣሪው ሥር፣ ከሁለት ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የግራውንድ ዘንግ ተቀብሯል። «ኮረንቲ እንደሆነ መሬት ይገባል፤ መሬት ሆደ ሰፊ ነው» አሉ። ልጁ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ሒሳብ ሠራላቸው (ግድግዳውን ያስቀባሁት እኔ ነኝ፤ ይሁን)። የዘንጉ ተቃውሞ 25 ኦም ይሁን፤ 120 ለ25 ሲካፈል 4.8 አምፔር ይሆናል። ለ4.8 አምፔር ባለ15 ብሬከር ዞር ብሎም አያይ። ዘንጉ ለመብረቅ ነው፤ ብሬከር ለማውረድ ኮረንቲው በብረት መንገድ ወደ ምንጩ መመለስ አለበት። ጋሼ እርሳሱን ተቀብለው ማካፈሉን ራሳቸው ደገሙት። እዚያው 4.8 ወጣ።

ዝም ሲሉ የተሸነፉ መስሎን ነበር። ለካ ጋራዥ ሄደው ኖሯል። «ኑ እስቲ!» ብለው ተጣሩ። የልብስ ማድረቂያውን ከግድግዳው ጎትተው ከኋላው አቀርቅረዋል። መሰኪያው ባለሦስት እግር ነው፤ ነጩ ሽቦ በአጭር የብረት ማሰሪያ ከማድረቂያው ቆርቆሮ ጋር ተጋብቷል። «ይኸስ? የክፉ ቀን ዘመድህ የት አለ?»

እዚህ ላይ ልጁ መዋሸት አልቻለም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ የሚታተም፣ ዛሬ በየሦስት ዓመቱ የሚታደስ መጽሐፍ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መዳብ ለመቆጠብ ሲባል የምድጃ ቆርቆሮ ከነጩ ሽቦ ጋር ቢታሰር ይሁን ተባለ፤ ማድረቂያውም በኋላ ተከተለ። ጦርነቱ አለቀ፤ መዳብ እንደልብ ሆነ፤ ለጊዜው የተባለው ግን እስከ 1996ቱ እትም ዘለቀ። የቆየ መስመር ደግሞ ዛሬም ባለበት እንዲቀጥል ይፈቀድለታል። ጋሼ ፊታቸው በራ። ለጊዜው የተባለ ነገር ሃምሳ ዓመት ሲቆይ ማየት አገር ቤት ያለን ያህል እንዲሰማቸው አደረገ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በፍቅር ሄደ። ዋናው ጠፋ፤ አረንጓዴዋ ብሎን ወጣች፤ ለመዳቦቹ ብቻ አዲስ ዘንግ ከሣጥኑ ቆርቆሮ ጋር ተበሎነላቸው። ነጮቹ በፕላስቲክ ከቆርቆሮው ተለይቶ በቀረው በአሮጌው ዘንግ ላይ ቀሩ። ጋሼ በፒንሳ የመዳቦቹን ጫፍ እያቃኑ ያቀብላሉ። ሁለት ነጭ ሽቦ በአንድ ብሎን ሥር እንደማይገባ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ብሎን እንደሚያስፈልገው ሲሰሙ፣ «አንድ ክፍል ለአራት የተከራየነው እኛ ነን» አሉ፤ ቢሆንም አንዱን ከሌላው ለይተው አሰሩ። መብራቱ ሲመለስ የፀጉር ማድረቂያው ጮኸ፤ መለኪያው መዳቡ ላይ ዜሮ አለ። መሣሪያው ቻይና ይሠራ አይሠራ ጋሼ በድጋሚ አልጠየቁም።

ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ምጣዱን ብርድ ልብስ አልብሰን ነበር። ሰውየው ሣጥኑን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ፈርሞ ሄደ። ቡናውንም አልጠጣም።

በሳምንቱ ጋሼ ከአሌክሳንድሪያ ደወሉ፤ ልጁ እኔ ቤት ስለነበር ስልኩን አሰማሁት። ግቢያቸው ውስጥ ከቤቱ ተነጥሎ የቆመ ጋራዥ አላቸው፤ እዚያ የምትገኘው ትንሽ ፓናል የምታገኘው ሦስት ሽቦ ብቻ ነው።

«ማን ነው የሠራው?» አለ ልጁ።

«አንድ የማውቀው ሰው ነው። ጎበዝ ሰው ነበር።»

ልጁ አረጋጋቸው። ተነጥሎ ለቆመ ቤት አራተኛው ሽቦ ግድ የሆነው ከ2008ቱ ኮድ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የገባ መስመር በሁለቱ ቤቶች መካከል ሌላ የብረት መንገድ ከሌለ ባለበት ይኖራል። «መቼ ነው የተሠራው?»

«በ2005!» አሉ ጋሼ በእፎይታ።

«እንግዲያው ችግር የለም» ብሎ ስልኩን ሊመልስልኝ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። «ጋሼ፣ በፈረንጅ ነው በእኛ?»

በስልኩ ውስጥ የቴሌቪዥናቸው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ኮዱ ላይ» አሉ ቆይተው፣ «በማን አቆጣጠር እንደሆነ ተጽፏል?»