ወርያ! መኪናህ የት ተበላሸ?

የአክስቴ ልጅ ስፔን ከገባ ወዲህ እንደ ሌላው ሰው የማያውቀውን መኪና ተደግፎ የተነሳውን ፎቶ አይልክም። የሚልከው ባዶ መንገድ ነው፤ ጠጠር፣ ኮረብታ፣ ጥግ ላይ የተጋደመ ብስክሌት። ከሥሩም «ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ መኪና አላየሁም!» ብሎ በደስታ ይጽፍበታል። አክስቴ ይህን ሲያነቡላት እንባዋ መጣ። «ልጄን መኪና በማያልፍበት በረሃ ላይ ጥለውት ሄዱ» ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። በማግስቱ ደውሎ ወድጄ ነው የሄድኩት ሲላት ደግሞ ይባስ ደነገጠች።

ነገሩን ለእኔ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ስፔኖች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ባቡር የተዋቸውን መስመሮች ሐዲዱን እየነቀሉ፣ ጠጠር እየደለደሉ ለእግረኛና ለብስክሌት ይሰጣሉ። ቪያ ቬርዴ ይሏቸዋል፤ ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነዋል። ኦሆስ ኔግሮስ የሚባለው ረጅሙ መስመር ድሮ ከቴሩኤል የብረት ማዕድን እየጫኑ ወደ ሳጉንቶ የሚያወርዱበት ነበር። በአንዳሉሲያ ደግሞ 36 ኪሎ ሜትር የምትሆን አንዲት አለች፤ ዋሻዋ ተቦርቡሮ፣ ድልድይዋ ቆሞ፣ አንድም ባቡር ሳይሄድባት ቀረች። እኔ የወደድኳት ይቺን ነው። ተጀምሮ የቀረ ፕሮጀክት ቱሪስት እንደሚስብ ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ እኛ ስንቱን ባስጎበኘን!

ይህች ቴሩኤል የምትባለው ክፍለ ሀገር ወጣቷ ሁሉ ከተማ ገብቶባት ሰው ያጣች ናት። የቀሩት ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 «ቴሩኤልም አለች» የሚል ስም ያለው እንቅስቃሴ አቋቁመው፣ በ2019 ምርጫ በፓርላማው ታችኛው ምክር ቤት አንድ ወንበር አገኙበት። መኖሩን በድምፅ ብልጫ ያረጋገጠ አገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የአክስቴ ልጅ የሚጋልብበት ጸጥታ እንግዲህ የዚያ ሁሉ ሰው ኮቴ የጠፋበት ጸጥታ ነው።

እኔም አገሬን ላለማሳፈር በከተማዬ በጅጅጋ ዙሪያ አንድ መኪና አልባ መንገድ ልፈልግ ተነሳሁ። ብስክሌቴ በበርበራ ወደብ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባች ልባሽ ናት። ማርሿ ስድስት ነው ይባላል፤ የሚታዘዘው ሁለቱ ነው። ከተማው ውስጥ ባጃጅ አለ። ባጃጅ ያለበት ከተማ ውስጥ ብስክሌት መንዳት የሚቻለው ባጃጆቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ ብቻ ነው። ወደ ምዕራብ ሲወጡ ካራማራ ይቆማል፤ በታሪክ መጽሐፍ ብቻ የሚያውቀው ሰው ዳገቱ እንዲህ እንደሚያስለከልክ አይጠረጥርም። ወደ ምሥራቅ ሜዳ ነው፣ አስፋልት ነው፣ እሰየው ነው፤ የጫት መኪና ካልመጣ።

የጫት መኪና ከአወዳይ ሲነሳ ፍሬን የሚባለውን ነገር እዚያው ትቶት የሚመጣ ይመስለኛል። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ድንበር መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ሹፌሩ ከፀሐይ ጋር ነው የሚሽቀዳደመው፣ እኔ ደግሞ መሐል ቤት ነኝ። ጥሩምባውን ስሰማ ብስክሌቴን ተሸክሜ እርሻ ውስጥ እገባለሁ። ነገር ግን የጅጅጋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ አለ። ጫቱ ከደረሰ በኋላ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሹፌሩም ተሳፋሪውም ትራፊክ ፖሊሱም ፍራሽ ይይዛል። ሶማሌው፣ ሐበሻው፣ አለቃው፣ ተላላኪው ሁሉ ምርቃና ላይ ነው። አዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳና ከመኪና ባዶ ለማድረግ አጥርና ፖሊስ ታሰማራለች። እኛ ጋ አንድ እስር ቅጠል ያንኑ ሥራ በየቀኑ ይሠራል።

የአክስቴ ልጅ ግን ይህን አልተቀበለኝም። «አስፋልት አይቆጠርም፣ ጠጠር መሆን አለበት» አለኝ። እኛ ከኮረኮንች ለመላቀቅ ስንት ዓመት ደጅ እንደጠናን ረስቶታል።

ስለዚህ ብስክሌቷን ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኜ፣ በሐረር በኩል ወደ ድሬዳዋ ወረድኩ። ረዳቱ የሰው ሂሳብ አስከፈለኝ፤ «ሁለት ጎማ አላት፣ አንተ ሁለት እግር አለህ» ነው ምክንያቱ። ከድሬዳዋ ወጣ ሲሉ ሽንሌ ናት። ከዚያ ወዲያ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ እያለ እስከ ጅቡቲ ድንበር የሚዘልቀው የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ጫፍ የድሮው ባቡር አገር ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ሐረር ሊገባ ነበር ሐሳቡ፤ ዳገቱን ሲያይ ተወውና ከሥሩ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ባቡር ዳገት የሚፈራ ፍጥረት በመሆኑ በዚህ ከእኔ ጋር ፍጹም እንግባባለን። ከ1,200 ሜትር ግድም ተነስቶ ወደ ባሕር የሚወርድ መስመር ላይ ፔዳል መምታት ራሱ ትርፍ ነው ብዬ ነበር የወጣሁት።

ትርፍ አይደለም። በመጀመሪያ ነፋሱ አለ። መንግሥት አይሻ ላይ 120 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ሲተክል ዝም ብሎ እንዳልሆነ ማንም ብስክሌተኛ በፊቱ ይረዳዋል። ከዚያ እሾህ አለ፤ ግራሩ ሳያንስ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ መሬቱን ወርሶታል። ካላመዳሪው በየጥቂቱ ይተነፍሳል። ጎሚስታ ደግሞ መኪና ባለበት ነው የሚገኘው፤ መኪና የሌለበትን መንገድ የሚመኝ ሰው ማስቲሹን ራሱ ይያዝ።

ይህ ሁሉ ግን ከሰዉ አይብስም። በድሮው ሐዲድ ጎን በምትሄደው የጠጠር መንገድ መኪና የለም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከዕቃውም ከተሳፋሪውም ከፊሉ ወደዚያ ዞሯል። መኪና የለም እንጂ ፍየል አለ፣ ግመል አለ፣ ከግመሉ ኋላ እረኛ አለ፣ እረኛው ደግሞ ጊዜ አለው። «ወርያ!» ብሎ ይጣራል ከሩቅ። ሳይቆሙ ማለፍ ነውር ነው። ከዚያ «ኢስካ ዋራን» ይመጣል፤ ስለ ራስህ አውራ ነው ነገሩ። ከየት መጣህ? ዝናብ የት ጥሏል? ፍየል በስንት ነው? መንግሥት ምን አለ? በመጨረሻም ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ፦ «መኪናህ የት ተበላሸ?» መኪና የለኝም ስል ያዝንልኛል። ወድጄ ነው ስል ሐዘኑ ይጨምራል። አዲስ አበባ ሕፃናት «ጎማህ ይዞራል!» ብለው ያልፉሃል። እዚህ ጎማህ ለምን እንደሚዞር ካላስረዳህ አያሳልፉህም። የአውሮፕላን ማረፊያውን ሳይቀር በጠያቂነቱ በሚታወቀው በገራድ ዊልዋል የሰየመ ክልል ነው፤ ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቃል?

ከአንድ የዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ «ቦንዡር» አሉኝ። ባቡሩ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። በግመል ወተት የፈላ ሻሂ ሰጡኝ። ስለ ስፔን ነገርኳቸው፦ ሐዲዱን ነቅለው፣ ጠጠር ደልድለው፣ ለብስክሌት መንገድ አደረጉት አልኩ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ነቀሉት?»

«አዎ፣ አደር (አጎቴ)።»

«ታዲያ ባቡሩ ሲመለስ በምን ሊሄድ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ስፔኖችን ትተው ወደ ዋናው ጉዳይ ገቡ። «አንተ ሥራ የለህም፤ እንደምታየው ጊዜም አለህ። ነጭ እንስት ግመል ጠፍታብኛለች። ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ነው። ወደ አዲጋላ ከሆንክ እያየህ ሂድ።» እምቢ አይባልም። ለመጀመሪያ ጊዜ በብስክሌት የምሄድበት ምክንያት ስለተገኘልኝ ከእሳቸው ይልቅ እኔ ነኝ ደስ ያለኝ። ከዚያ በኋላ መኪናህ የት ተበላሸ ለሚለኝ ሁሉ «ግመል ፍለጋ ነው» እል ጀመር። ሰው ሁሉ ተረዳኝ፤ መንገድ አሳየኝ፤ ውሃ ቀዳልኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥቂት ቤቶች ያሉበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ገና ብስክሌቴን ሳላስደግፍ አንዲት እናት ከደጃፍ ተጣሩ። «ወርያ! የግመሉ ሰው አንተ ነህ? ተገኝታለች እኮ፤ ቀድማህ ገብታለች። ከጠዋት ጀምሮ እየደወሉ የት ደረሰ ይሉናል፤ ከአንተ ይልቅ እሷ ፈጠነች!»