ፈረስ የታዘዘለት ልጅ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣ እንጅባራ።

የዚህ ወር ገንዘብ ያነሰብዎ ፈረስ ስለበላው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

የልጅ ልጅዎ ፈተና በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ጥፍሩን ይበላል። ጠበል አስጠመቅነው፤ ስልኩን ነጠቅነው፤ ስልኩን ስንነጥቀው ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ አማካሪ "እስቲ ፈረስ ይሞክር" አለችን። የፈረስ አገር እንጅባራ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ሲያትል ላይ ፈረስ ይታዘዝልኝ!

ለካስ ቀልድ አይደለም። እዚሁ ግዛት፣ ፑልማን ከተማ ያለው የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባሉ ወደ 130 ልጆች ላይ አጥንቶታል። በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በሳምንት 90 ደቂቃ ከፈረስ ጋር ያውሏቸዋል፤ የቀሩት ተራ ይጠብቃሉ። ከዚያ ምን ለኩ ይበሉኝ? ምራቅ! ሰው ሲጨነቅ የሚጨምር ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን አለ፤ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት ከፈረስ ጋር የዋሉት ልጆች ኮርቲሶል ከሌሎቹ አንሶ ተገኘ።

እናም ከፈልን። ልጁ ሄልሜቱን ደፍቶ እርካብ ሲፈልግ ብሩሽ አስጨበጡት። ቀጥሎ ሰኮና ማጽዳት፣ ቀጥሎ ፋንድያ መዛቅ። እርስዎ በነጻ ያሠሩኝን እዚህ በሰዓት ያስከፍሉበታል!

አሠልጣኟ እንደምትለው ግን መድኃኒቱ እዚያ ላይ ነው። ፈረስ አውሬ ሲያድነው የኖረ እንስሳ ስለሆነ የሰውን አካሄድና ትንፋሽ ይሰልላል። ልጁ እየተቁነጠነጠ ሲቀርበው ጆሮውን አጥፎ ይሸሻል፤ ረጋ ብሎ ሲመጣ እሱም ይረጋል። እኔ "ተረጋጋ!" እያልኩ የጮህኩበትን ልጅ ፈረሱ ትንፍሽ ሳይል አረጋጋው።

አሁን ሶምሶማ ጀምሯል። ሰሞኑን የአገው ፈረሰኞችን ጉግስ በቪዲዮ ባሳየው አፉን ከፍቶ ካየ በኋላ "ኢንሹራንስ አላቸው?" አለኝ።

ለጥር 23ቱ የፈረሰኞቹ በዓል ይዤው ልመጣ ነው። "አያቴን እቀድማለሁ" ይላል፤ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ብዬዋለሁ። ብቻ አደራዎን፣ ኮርቻ ላይ ከማውጣትዎ በፊት ጋጣውን ያስጠርጉት፤ ያን ሁሉ ዶላር የከፈልኩት ለእሱ ነው።

ልጅዎ፣ ከሲያትል