የግመሉ ቃጭል

ከወልድያ ወደ ቆቦ ለሚወርድ መንገደኛ ጎብዬን ሲያልፍ ሮቢት ትመጣለች። በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ ቆሞ ያያታል፤ ከሥሩ ያለው ሜዳ የማሽላ ነው። ዝናብ የሰጠ ዓመት ማሽላው በቅሎን ከነጋላቢዋ ይሰውራል፤ የነሣ ዓመት ለፍየል ጥላ አይሆንም። እዚህ አገር የሚኖር ሁሉ በጠገበ ጊዜ የእህል ጉድጓድ ይቆፍራል።

እንስሳቱም ቆፈሩ። በአንድ የጥጋብ ዓመት ከጅጉርቲው ማሽላም ከደጋሊቱም የየድርሻቸውን አዋጥተው አንድ ትልቅ የጋራ ጉድጓድ ሞሉ፤ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጥመው በጭቃና በእበት ለሰኑት። ጥበቃው ለውሻ ተሰጠ። ዳኝነቱ ለግመል። ግመል የተመረጠው ሕግ ስለሚያውቅ አልነበረም፤ ከሁሉም በላይ ሆኖ ስለሚያይ፣ ለመናገር ስለማይቸኩል፣ ሲያመነዥክም የሚያስብ ስለሚመስል ነው። (በዚህ ሚዛን የተሾመ ዳኛ እሱ የመጀመሪያው አይመስለኝም።) አንገቱ ላይ የሹመት ቃጭል ታሰረለት። ቃጭሉ ሲሰማ «ፍርድ መጣ!» ይባላል፤ የተጣላው ይታረቃል፣ የተበደረው ይሸሸጋል።

አንድ ማለዳ የጉድጓዱ ልስን እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ዙሪያውንም ማሽላ ፈስሷል።

ሌባ ፍለጋ የደከመ የለም፤ እሜቴ ጦጢት አለች። የማማው ጠባቂ ወንጭፉን አዙሮ እስኪለቅ እሸቱን ይዛ ዛፍ ላይ የምትገኝ፣ አንድ ቀን ደግሞ ወንጭፉን ራሱን የወሰደች ናት። ለወጉ ያህል ሌባሻይ ተደረገ። አንድ ግልገል የሚያዞር ነገር ጠጥቶ ተለቀቀና እየተንገዳገደ ሄዶ ከጦጢት ግራር ሥር ወደቀ። በአካባቢው ከዚያ ግራር በቀር ጥላ እንዳልነበረ ያነሣ አልተገኘም።

ውሻ ከሰሰ። ጦጢት ካደች። ግመል ብዙ አመነዠከና «ፍርድ እስኪሰጥ ቁራኛ» አለ።

ቁራኛን ተረት የፈጠረው እንዳይመስላችሁ። በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አብረው ይውሉ አብረው ያድሩ ነበር። ሌባሻይም ነበረ፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሚንገዳገድ ልጅ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ ወንጀል በአንቀጽ ሆኗል። ለሮቢት እንስሳት ግን ነጋሪት ጋዜጣ አልደረሳቸውም።

እናም ረጅም ጠፍር መጣ። አንዱ ጫፍ በውሻ አንገት፣ ሌላው በጦጢት ወገብ ታሰረ። ውሻ ጠፍሩን በልቶ መገላገል ይችል ነበር፤ ሕግ አክባሪ ስለሆነ ምራቁን ብቻ ዋጠ። ግመል ቀጠሮ ሰጠ። ቀጠሮው ሲደርስ ሌላ ቀጠሮ ሰጠ።

ኑሮ ከበደ። ቅርንጫፍ ላይ መተኛት የለመደችው ጦጢት መሬት ላይ ስትገላበጥ ታነጋለች። ውሻ ድመት አይቶ ሲፈተለክ ጦጢት ግራሩን ታቅፋ ታስቀረዋለች። ከሁሉ የባሰው ረሃቡ ነው፤ የጠባቂ ደሞዝ ፍርፋሪ ነበረ፣ ከተቆራኘ ወዲህ ደግሞ «ከሌባ ጋር የዋለ» እየተባለ ፍርፋሪውም ቀረ።

አንድ ምሽት የውሻ ሆድ ሲጮህ ጦጢት ሰማች።

«ወንድምዬ፣ ይህን ጉድጓድ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጠብቀው?»

«ከተቆፈረ ጀምሮ።»

«ውስጡን አይተኸዋል?»

«የእኔ ሥራ ደጁ ነው።»

«እኔም ታሰርሁበት እንጂ አላየሁትም። ሁለታችን ባላየነው ማሽላ ስንካሰስ አያሳፍርም?»

ውሻ ጆሮውን አከከ። «ገብቶ ማየት በሕግ ምን ይባላል?»

«ማጣራት» አለችው፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ድንጋዩን ገፉ። ውሻ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ፤ ጦጢት በቁራኛው ጠፍር እየተንጠለጠለች ወረደች። ያ ጠፍር ከታሰረ ጀምሮ ለአንድ ነገር ሲጠቅም የመጀመሪያው ነበር።

«ምን ይታይሻል?»

«ጎድሏል። አጎዳደሉ ግን ልክ አለው» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። «ሌባ የሚሰርቀው እንደ አካሉ ነው። እኔ ብሆን ከአፉ እጨልፍ ነበር፤ አይጥ ብትሆን ከጎን ትቦረቡር ነበር። ይኼኛው መሐል መሐሉን በልቶ አንድ ረጅም አንገት የሚያህል ወርዷል።»

ውሻ ከላይ ሆኖ አንገት ይቆጥር ጀመር። የበሬን አሰበና ተወው። የአህያን ተወው። በሮቢት ይህን ያህል አንገት ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቃጭል አለው።

«ሌሊት ግን ቃጭል ሰምቼ አላውቅም» አለ።

«እኔስ የሚገርመኝ እሱ አይደል!»

ሄዶ መክሰስ የማይታሰብ ነው። ልስኑን የሰበሩት እነሱ፣ ክሱን የሚሰማው ተከሳሹ። አገሩ «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» ይላል፤ ሰርቆ ስላጎነበሰ ግመል ግን ምንም አይል። ምሳሌ የማይጠቀስለት ክስ ደግሞ ሽማግሌ ፊት አይቆምም።

ድንጋዩን መልሰው፣ ልስኑን ጠግነው፣ በማግሥቱ ምሽት ከግመል ማደሪያ አጠገብ አደፈጡ። ግመል ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ አንገቱን ወደ ጭድ ክምሩ ዝቅ አድርጎ ቃጭሉን እያሻሸ ጭድ ጎሰጎሰበት፤ ነቅነቅ አድርጎ ድምፅ አለመኖሩን አረጋገጠና ጨረቃ እስክትጠልቅ ሸለብ አደረገው።

ጦጢት በዕድሜዋ እሸትም እንቁላልም ሰርቃለች። ጭድ ግን ሰርቃ አታውቅም፤ «ይህን ልጆቼ ቢሰሙ ስሜ ይጠፋል» ብላ አጉረመረመች። ያም ሆኖ ያ ሌሊት የከበደው ለውሻ ነው። ዳኛ አንገት ሥር ሌባ ስትንጠላጠል እያየ አለመጮህ! ጉሮሮውን እየበላው ጠፍሩን ነክሶ ቆመ። ጦጢት ጭዱን ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ መዝዛ ከጨረሰች በኋላ፣ የቃጭሉን ምላስ በመዳፏ እንደያዘች ግመል በእንቅልፍ ልቡ «ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል» አለ። እስኪረጋ ጠበቀች፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።

ጨረቃ ጠለቀች። ግመል ተነሣ። አገር ምድሩን የሚቀሰቅስ ቃጭል ይዞ ወደ ጉድጓዱ አመራ፤ እንቅልፍና ጉጉት አንድ ላይ ሲሆኑ ለራስ ድምፅ ያደነቁራሉ። «ፍርድ መጣ!» እያለ በሬው ወጣ፣ አህያው ወጣ፣ ዶሮዎችም ከቆጣቸው ወረዱ። የደረሱት ግመል ድንጋዩን አንሸራቶ፣ አንገቱን እስከ ትከሻው ከትቶ፣ ቃጭሉ ከጉድጓዱ ውስጥ ሲያስተጋባ ነው።

ቀና አለ። ከንፈሩ ላይ ማሽላ አለ።

«ቁጥጥር ላይ ነኝ» አለ።

«ቁጥጥሩ በየስንት ጊዜው ነው፣ ጌታው?» አለ በሬ፣ በአክብሮት።

«እንደ አስፈላጊነቱ።»

እዚያው አውጫጭኝ ሆነ። አንዲት ዶሮ፣ እንቁላሏ ያልተመለሰላት፣ «እነዚህስ ሁለቱ በዚህ ሌሊት እዚህ ምን ያደርጋሉ?» ብላ ወደ ጦጢትና ውሻ ጠቆመች። «ማጣራት ላይ ነን» አለ ውሻ። ጦጢት በኩራት አየችው።

ሲነጋጋ ተስማሙ፤ ግመል ቆቦ ወርዶ ሌላ ዳኛ ፊት ይቁም፣ እስከዚያ ከከሳሹ ጋር ይቆራኝ። ከሳሽ ግን ጠፋ። በሬ እርሻ አለብኝ አለ። በጎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አህያ «ጌታው ነገ ነፃ ቢወጡስ?» ብሎ የሁሉንም ሐሳብ ተናገረ።

«እኔ ልቆራኝ» አለች ጦጢት። «ቀለቤ ግን እንደ ዳኛው ይሁን።»

ቀለብ ሲባል የውሻ ጆሮ ቆመ። «ሌባ ብቻዋን ከዳኛ ጋር አትታሰርም» አለ። «ሥርዓት አለ። እኔም እኖራለሁ።»

ስለዚህ የድሮውን ጠፍር የፈታው የለም፤ ሌላ ቀጠሉበት። ሦስቱ ተያይዘው በቆቦ መንገድ ሲሄዱ ማማው ላይ የነበረው ልጅ ወንጭፉን አውርዶ አያቸው። ከፊት ባለቃጭል፣ ከኋላው ጦጣ፣ ከጦጣዋ ኋላ ውሻ።

«ከሳሹ ማናችሁ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ!» አሉ ሦስቱም።